ዝገቴ የተተወበት ቅዳሜ

መነጽር ሠሪው አማቱን ይፈራቸው ነበር። ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ ጨዋነታቸው ስለበዛ ነው። ሦስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ አንድም ቀን «አንተ» ብለውት አያውቁም። «ዶክተር፣ ጨው ያቀብሉኝ»፣ «ዶክተር፣ በሩን ገርበብ ያድርጉልኝ» ነው። ዶክተር አለመሆኑን፣ ነጭ ጋውን የሚለብሰውም የመስተዋት ብናኝ ሸሚዙን እንዳያበላሽበት መሆኑን መጀመሪያ ሰሞን ሊያስረዳ ሞክሮ ነበር። እሳቸው በጥሞና አዳምጠው «ልክ ነዎት ዶክተር» ሲሉት ተስፋ ቆርጦ ተወው።

አማትየው ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። ሰው ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ለመደወል መሀል ላይ የሚያገናኘው ሰው ይፈልግ በነበረበት ዘመን፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ደፍተው፣ አንዱን ገመድ እየነቀሉ ሌላውን እየሰኩ ስንቱን አስታርቀዋል፣ ስንቱን አጣልተዋል። ጉልበታቸው አስቸግሯቸው በቀዶ ጥገና ብረት ሲገባላቸው ነው ልጃቸው «ብቻሽን አትኖሪም» ብላ ያመጣቻቸው። ልጅየዋ፣ የመነጽር ሠሪው ሚስት፣ ፋርማሲስት ናት፤ ቅዳሜንም ጨምሮ ቀኑን ሙሉ ሌላ ሰው ሊያነበው የማይችለውን የሐኪም ጽሑፍ ስታነብ ትውላለች።

አማትየው የቴሌቪዥን ድራማ መከታተል የጀመሩት በሪሞቱ ጥፋት ነው። በመጡ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ሳሉ የሪሞቱ ባትሪ አለቀ። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት መርከብ በከዋክብት መሀል ትንሳፈፋለች። ጉልበታቸው ገና ስላልጠና ተነስተው ጣቢያ መቀየር አልቻሉም፤ ስለዚህ እያጉረመረሙ አዩ። «ሩቅ መልሕቅ» ይባላል፤ ከውጭ መጥቶ ንግግሩ ወደ እኛ ቋንቋ የተመለሰ ተከታታይ ነው። የመጀመሪያው ቀን «እነዚህ ሰዎች መሬት ምን ጎድሎባቸው ነው ሰማይ ለሰማይ የሚንከራተቱት?» አሉ። በሳምንቱ የካፒቴኑን ዩኒፎርም ተቹ። በሦስተኛው ሳምንት ካፒቴኑን ራሱን ማዘዝ ጀመሩ፤ «ግራውን! ግራውን ያዝ እንጂ! ከኋላህ ናቸው!» ሲሉ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ባትሪው ከተቀየረ በኋላም ያንን ሰዓት የሚነካባቸው አልነበረም።

ከሁሉ የሚወዱት ግን አንድ አሮጌ ሮቦት ነበር። ሥራው በመርከቧ ሆድ ውስጥ ቆሞ መልእክት መቀበልና ማስተላለፍ ነው። በድራማው ውስጥ ስሙ ፊደልና ቁጥር ስለሆነ ማንም በቃሉ አይይዘውም። ትከሻው ላይ ዝገት አለበት፣ ሲራመድ ሲጥ ሲጥ ይላል። እሳቸው «ዝገቴ» ብለው አወጡለት። «የሙያ ባልደረባዬ ነው» ይሉ ነበር። «መስመር ይጠብቃል። ያየውን አይናገርም፣ የሰማውን አያወራም።»

መነጽር ሠሪው እንዲህ ያለ የልጅ ነገር አይመለከትም፤ እንዲያ ይል ነበር። እውነቱ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ ይመጣና ከአማቱ ወንበር ኋላ ተቀምጦ ጋዜጣ ይዘረጋል። ድራማው አልቆ እስኪነሳ ድረስ ገጽ አይገለብጥም። አንዳንዴ ያመልጠውና «ያ ቱቦ ባለፈው ሳምንት ተቃጥሎ አልነበር እንዴ?» ይላል። አማቱ ሳይዞሩ «ልክ ነዎት ዶክተር» ይሉታል። የሁለቱ ወዳጅነት ይኸው ነበር።

በዚህ መሀል የማሽን ነገር መጣ። መነጽር ሠሪው በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ የመስተዋት መቁረጫ ማሽን አገኘ። ችግሩ ቦታ ነው። ሱቁ እንደ ኮሪደር ጠባብ ስለሆነ ሁለት ደንበኛ ሲገባ አንዱ ትንፋሹን መሰብሰብ አለበት። ቤት ደግሞ ያሉት ሁለት መኝታ ቤቶች ናቸው፤ አንዱ የባልና ሚስት፣ አንዱ የአማትየው። የሚስቱ ታላቅ ወንድም በሌላ ከተማ ሰፊ ቤት አለው። ባልና ሚስት በሹክሹክታ ተነጋገሩበት። «ለእማዬም እኮ ለውጥ ይሆንላታል» አለች ሚስቱ፣ ባሏን ሳታይ። «በጣም እንጂ፤ ለውጥ ይሆንላቸዋል» አለ ባሏም፣ እሷን ሳያይ። ወንድምየው ተጠየቀ፤ ደስ አለው፤ ለእናቱ የሚሆን ክፍል ቀለም ማስቀባት ጀመረ። እናትየው ብቻ አልሰሙም። መነጽር ሠሪው አማቱ ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው ጠብቆ፣ ጫማውን አውልቆ፣ መኝታ ቤታቸውን በሜትር ለክቶ ወጣ። ማሽኑ ልክክ ብሎ ይገባል።

ነገሩ ፈነዳ የምንለው ግን ዝገቴ የተተወበት ቅዳሜ ነው።

ያን ቀን መርከቧን አንዲት የሞተች ኮከብ እየጎተተቻት ነበር። ክብደት ካልቀነሰች የሁሉም ነገር ያበቃል። ካፒቴኑ «የሚጣለው ሁሉ ይጣል!» ብሎ አዘዘ። ሳጥኖች ተጣሉ፣ አልጋዎች ተጣሉ። አማትየው በያንዳንዱ ዕቃ ላይ አስተያየት ይሰጣሉ። «እሱስ ይሂድ። ኧረ ምድጃውን ተው! ነገ ምን ልትበሉ ነው?» መርከቧ አሁንም ከበደች። አንዱ መሐንዲስ ቀስ ብሎ ዞሮ ዝገቴን አየው። ካፒቴኑም አየው። አማትየው ወደ ቴሌቪዥኑ ዘንበል አሉና «አይሞክሩትም» አሉ።

ሞከሩት። ዝገቴን አንዲት ትንሽ ሣጥን መሰል ነገር ውስጥ አስገብተው አጠገባቸው ያለች ጨረቃ ላይ አወረዱት። ሣጥኑ ተከፈተ፣ ዝገቴ ሲጥ ሲጥ እያለ ወጥቶ አቧራው መሀል ቆመ። መርከቧ ከላዩ ተነሥታ አነሰች፣ አነሰች፣ ጠፋች። «መስመሩ ክፍት ነው» አለ ዝገቴ ወደ ባዶው ሰማይ። «ስትፈልጉኝ ጥሩኝ።» ሙዚቃው ገባ፤ የዛሬው አለቀ።

አማትየው ሪሞቱን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። መነጽር ሠሪውም ዓይኑን በጋዜጣው ጥግ ጠረገ። ግን ወንድ ልጅ ለብረት አለቀሰ ከሚባል ብሎ፣ ጋዜጣውን ኮሽ ኮሽ አድርጎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ተናገረ። ዝም ቢል ምን ነበረበት!

«እንግዲህ ምን ያድርግ ካፒቴኑ» አለ። «የስንት ሰው ነፍስ ነው። ቦታው ጠበበ። ደግሞ እኮ ጨረቃዋ… ለውጥ ይሆንለታል።»

አማትየው ከነወንበራቸው ዞሩ።

«አንተ!» አሉ።

መነጽር ሠሪው ጋዜጣው ከእጁ ወደቀበት።

«ለውጥ? ምን ዓይነት ለውጥ ነው? አየር በሌለበት አገር አየር ሊቀይር ሄደ?»

«እማማ፣ እኔ እንዲያው…»

«አገልግሎ አገልግሎ ሲያበቃ አቧራ ላይ አውርዶ መሄድ ለውጥ ነው? ያረጀ ዕቃ ነው ልትል ነው?»

«ኧረ እኔ ዕቃ የሚል ቃል አልወጣኝም!»

«በሆድህ ብለሃል! እኔ የሆድ ድምፅ አላውቅም? ስንት ዓመት ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ የደፋሁበት ሥራ መሰለህ?»

ብድግ ብለው፣ ምርኩዛቸውን እንኳ ረስተው፣ ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ። ቀጥሎ የተሰማው የሻንጣ ዚፕ ነው።

ሚስትየው ከፋርማሲው ስትመለስ እናቷን ካፖርት ለብሰው፣ ጫማ አጥልቀው፣ ሻንጣ አጠገባቸው አቁመው ሳሎን ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«እማዬ! የት ልትሄጂ ነው?»

«ሳልጣል ልወርድ።»

«ከምኑ?»

«ከመርከቡ።»

ሚስትየው ወደ ባሏ ዞረች። «ምን አድርገሃት ነው?»

«እኔ ምን አደረግሁ? ካፒቴኑ ነው!»

«የቱ ካፒቴን?» አለች። መልስ ሳትጠብቅ እናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። «እሺ እማዬ፣ ወንድሜ ጋ መሄድ ፈልገሽ ነው? ልደውልለት?»

«ዛሬ አልሄድም።»

«ታዲያ መቼ ነው?»

«የሚመጣው ቅዳሜ፣ ድራማው ካለቀ በኋላ። ወንድምሽ ቤት ያ ጣቢያ አይገባም።»

እናም ሻንጣው ሳሎን መሀል ቆመ። ሁሉም በየተራው ተደናቀፈበት። አማትየው ማታ ማታ የሌሊት ልብሳቸውን ከውስጡ ያወጣሉ፣ ጠዋት አጥፈው መልሰው ይከታሉ፣ ዚፑን ሁሉም እስኪሰማ ድረስ ይዘጋሉ። መነጽር ሠሪውን አያናግሩትም። ቁርስ ላይ «ልጄ፣ ለዚያ ሰውዬ ስኳሩ እሱ ጋ መሆኑን ንገሪው» ይላሉ።

«ይኸው ስኳሩ እማማ» ይላል እሱ፣ ክንዱን ዘርግቶ።

አማትየው ቀጥ ብለው ግድግዳውን እያዩ፣ ያንን የጥንት የሥራ ድምፃቸውን አውጥተው «የጠሯቸው ደንበኛ ለጊዜው መስመር ላይ የሉም» ይላሉ። ስኳሩን ግን ይወስዳሉ።

ማክሰኞ ዕለት ሱቁ ውስጥ ሌላ ጉድ ገጠመው። አንድ የጂኦግራፊ መምህር መነጽር ሊያስለካ መጣ። መነጽር ሠሪው የመሞከሪያውን ከባድ ፍሬም አፍንጫው ላይ አስቀምጦ፣ መስተዋት እያስገባ እያወጣ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ይለዋል።

«ሁለተኛው» አለ መምህሩ። «የቅዳሜውን አየህ ግን? ሩቅ መልሕቅን? ካፒቴኑ ጀግና ነው! ያንን ቆርቆሮ አሽቀንጥሮ ጥሎ ሁሉንም አዳነ።»

«ጀግና?» አለ መነጽር ሠሪው። «አየር በሌለበት አገር አየር ሊቀይር ልኮት ነው ጀግና?» የሰማው የራሱን ድምፅ ነው፤ ቃሉ ግን የአማቱ ነበር።

«ሮቦት እኮ አየር አይፈልግም።»

«ጉዳዩ አየሩ አይደለም! ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?»

«አንድ ናቸው።»

«ለአንተማ ሁሉም አንድ ነው! ሰውም አንድ፣ ቆርቆሮም አንድ!»

«ቆይ፣ አንተ ለቆርቆሮ ብለህ ነው እኔ ላይ የምትጮኸው?» መምህሩ ከወንበሩ ተነሣ። ተነሣና በንዴት የመሞከሪያውን ፍሬም አፍንጫው ላይ እንዳደረገ ወጥቶ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ግድግዳ እየዳበሰ ተመለሰ። «መንገዱ ሁሉ ዳገት ሆነብኝ» አለ ፍሬሙን አውልቆ እየሰጠው። ሁለቱም ትንሽ አፈሩ። መነጽር ሠሪው ሂሳብ አልቀበልም ብሎ ይቅርታ ጠየቀው፤ መምህሩም «ሮቦቱ እኔንም አሳዝኖኛል፤ ተማሪዎቼ ፊት እንዲህ ማለት ለምዶብኝ ነው» ብሎ ወጣ።

መነጽር ሠሪው ሱቁን ለምሳ ዘግቶ ወደ ቤት አዘገመ። አማቱ ያኮረፉት በሮቦት ምክንያት ብቻ ነው ብሎ ራሱን ሲያሳምን ሰንብቷል። አሁን ግን እርግጠኛ መሆን አቃተው።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሊገባ ሲል ድምፅ ሰምቶ ቆመ። አማቱ ሳሎን ሻንጣቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ስልኩን ድምፁ ወደ ውጭ እንዲሰማ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውታል። ከስልኩ ውስጥ የማሽን ሴት ታወራለች፤ የደወሉት ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ነው።

«ለማስታወቂያ አንድን ይጫኑ። ለፕሮግራም መረጃ ሁለትን ይጫኑ…»

«ሰው ስጪኝ ልጄ» አሉ አማትየው።

«ለቅሬታ ሦስትን ይጫኑ።»

«ምንም አልጫንም። እኔ እንዳንቺ ስሠራ ሰውን ተጫን እለው ነበር? ሰው ስጪኝ!»

ከብዙ ሙዚቃ በኋላ የእውነት ሰው መጣች። አማትየው ወዲያው ወገባቸውን አቀኑና ድምፃቸውን ቀየሩ። «እንደምን ዋሉ ባልደረባዬ። ከርቀት መስመር ነው። የድምፅ ቀረጻ ክፍሉን ያገናኙልኝ።» ልጅቷ ያ ድምፅ ምን እንደሆነ ሳይገባት «እሺ እመቤቴ» ብላ አገናኘች።

«አቤት?» አለ አንድ ወንድ።

አማትየው እጃቸው ደረታቸው ላይ ሄደ። በሩ ጋ የቆመው መነጽር ሠሪም ሳያስበው ቀጥ አለ። የካፒቴኑ ድምፅ ነው! ያ ከዋክብትን የሚያዝ ድምፅ ነው፤ አፉ ትንሽ ጎርሶ ካልሆነ በቀር።

«ካፒቴን» አሉ አማትየው ራሳቸውን አረጋግተው። «ዝገቴን ለምን ተውከው?»

«ማንን?… አሃ። እማማ፣ እኔ እኮ ካፒቴን አይደለሁም። ድምፄን ብቻ ነው የማውሰው።»

«ለክፉ ሥራ ለምን ታውሳለህ? ጎረቤትህ ሰው ልወጋበት ነው ብሎ ቢላዋ ቢጠይቅህ ትሰጠዋለህ?»

ሰውየው ትንሽ አሰበና «አልሰጠውም» አለ። «እውነትዎን ነው። እኔም ያቺን ቦታ ስቀዳ ሁለት ጊዜ አቋርጬ ነበር። የሮቦቱን ድምፅ የሚሰጠው ጓደኛዬ ነው ከመስተዋቱ ማዶ ሆኖ "አይዞህ፣ በለው" እያለ ያበረታታኝ።»

«አየህ! ሰውየውም እንደ ዝገቴ ነው» አሉ አማትየው። «ይተርፋል?»

«መናገር አልችልም እማማ። ቃል ገብተናል።»

«አትናገር። ከተረፈ ዝም በል፤ እኔ ከዝምታው አውቃለሁ።» ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። ቆዩ። ፊታቸው ተኮሳተረ። «ይሄ ዝምታ አይደለም፤ ማኘክ ነው።»

«ይቅርታ፣ ምሳ ሰዓቴ ነው።»

«ብላ ብላ፣ እኔ ላውራ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የኔ ልጅ፣ እኔን ያናደደኝ መተዉ አይደለም። መርከቧ ከብዳለች፣ አይቻለሁ። ዝገቴን እኮ ቢጠይቁት እሺ ይል ነበር። ራሱ ይወርድላቸው ነበር። ግን አንድም ሰው "ምን ይመስልሃል?" አላለውም። ስለሱ ሲወስኑ እዚያው ፊታቸው ቆሟል፤ እንደ ወንበር።»

«እውነት ነው» አለ ካፒቴኑ። ማኘኩ ቆሟል።

«እኔ አማች አለኝ። ጥሩ ሰው ነው። ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ በየቀኑ ይመጣ ነበር። የሚያወራው ስለሌለው የአልጋዬን ጎማ ሲያጠብቅ፣ ሲያላላ ይውላል። እንዲያ ያለ ሰው ነው። ባለፈው ግን ተኝተዋል ብሎ መኝታ ቤቴን በሜትር ለካ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የዚህ ቤት ግድግዳ ወረቀት ነው፣ ሹክሹክታውም ሹክሹክታ አይደለም። አንድ ዓይኔን ከፍቼ ሳየው ቆየሁ። ልቆጣው አፌን ስከፍት ለክቶ ጨረሰና፣ ብርድ ልብሴ ተገፎ ነበር፣ ቀስ ብሎ አለበሰኝ። እንግዲህ ምን ልበለው? እየለካ ያለብሰኛል! ይሄንን ሰው ተቆጥቼ ልቆጣው ነው ወይስ አመስግኜ ልሸኘው?»

ከስልኩ ምንም አልተሰማም። አማትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ገና ዝም አልክ» አሉ።

በሩ ጋ አፍንጫ የሚስብ ሰው ድምፅ ተሰማ። አማትየው ሳይዞሩ «መስመሩ ላይ ሌላ ሰው አለ» አሉ።

መነጽር ሠሪው ገባ። ነጩን ጋውን ሱቅ ማውለቅ ረስቶ መጥቷል፤ ዓይኑ ቀልቷል። «እኔ ነኝ እማማ» አለ።

«ማነው?» አለ ስልኩ።

«የለካው ነው» አሉ አማትየው።

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ፣ ሆን ብሎ ይሁን ሳያውቀው፣ በዚያ በሙሉ የካፒቴን ድምፁ «ታዲያ አሁን ምን ትጠብቃለህ? ጠይቃቸው!» አለ።

«አቤት ጌታዬ!» አለ መነጽር ሠሪው ተረከዙን ገጥሞ። አማቱ ፊት ቁጢጥ አለ። «እማማ… አንድ ማሽን አግኝቼ ነበር። ማስቀመጫ ቦታ አጣሁ። መኝታ ቤትዎን አሰብን፤ እርስዎ ደግሞ ወንድሟ ጋ ቢሄዱ ብለን… ከእርስዎ በፊት ለሁሉም አወራን። አጥፍተናል። አሁን ልጠይቅዎት። ምን ይመስልዎታል?»

አማትየው ጣሪያውን አዩ፣ ሻንጣቸውን አዩ፣ የሹራባቸውን ቁልፍ አስተካከሉ። እንዲህ በደንብ ተጠይቀው አያውቁምና ሊያጣጥሙት ፈልገዋል።

«ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ» አሉ በመጨረሻ። «መልሴ እምቢ ነው።»

«ኧረ እሰይ!» አለ ስልኩ።

መነጽር ሠሪው ግራ ገባው። «ዝገቴ ቢጠየቅ እሺ ይል ነበር ሲሉ የሰማሁ መስሎኝ?»

«ዝገቴ ሁለመናው ብረት ነው። እኔ ጉልበቴ ብቻ ነው ብረት» አሉ። «ይልቅ ንገረኝ፣ ማሽኑ ምን ያህል ነው?»

በእጁ አሳያቸው።

«ያንተ ቁም ሣጥን ያህላል።»

«ቁም ሣጥኑ ውስጥ እኮ ሱፎቼ አሉ።»

«ሱፎችህ! ከሠርግህ ወዲህ የትኛው ነው ሆድህ ላይ የተቆለፈልህ?»

«ቡናማው ይቆለፋል…»

«ቡናማውም አይቆለፍም። ባለፈው ዓመት ምረቃ ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩልህ አይደለም?»

ካፒቴኑ ከስልኩ ውስጥ ሳል አደረገ። «እማማ፣ እንግዲህ እኔ ወደ ሥራ ልመለስ…»

«ቆይ፣ መስመር ላይ ቆይ» አሉት፣ «ቁም ሣጥኑን አውጥተን እስክንጨርስ።» ለካፒቴን ደግሞ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አይከብድም፤ ትንሽ ቆየላቸው፣ ሣጥኑን በየትኛው ጎን አዙረው በበሩ እንደሚያወጡትም ምክር ሰጠ። ምክሩ ትክክል አልነበረም፤ የበሩ ጠርዝ ተላጠ።

ማታ ሚስትየው ስትመጣ ኮሪደሩን ቁም ሣጥን ዘግቶት፣ ባሏ ከነጋውኑ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ እናቷ ሱፍ በሱፍ ላይ እየደረደሩ አገኘቻቸው። ነገሩ ሲነገራት ቦርሳዋን አስቀምጣ አለቀሰች።

«እሺ እንዳትዪኝ ፈርቼ ነው ያልጠየቅኩሽ» አለች እናቷን። «እሺ ብለሽ ብትሄጂ ምን እሆን ነበር?»

«ይህን ያህል የተማርሽ ልጅ እንዲህ ትጃጃያለሽ?» አሉ እናትየው። ጉንጯን ጠረጉላት። «ያንቺን ለብቻ እንነጋገራለን። አሁን ለወንድምሽ ደውይ።»

ወንድምየው አኮረፈ። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ አረንጓዴ ያስቀባውም እናቱ አረንጓዴ ይወዳሉ ብሎ ነው። እናትየው ስልኩን ተቀብለው «ክፍሉን ዝግጁ አድርገህ ጠብቀኝ፤ ደስ ያለኝ ቀን መጥቼ፣ ደስ ያለኝን ያህል ቆይቼ እመለሳለሁ» አሉት። አረንጓዴ እንደማይወዱ አልነገሩትም።

ማሽኑ በዚያው ሳምንት መጥቶ የባልና ሚስቱ አልጋ እግርጌ ተተከለ። ባልና ሚስት ወደ አልጋቸው ለመድረስ በጎን መሄድ ተማሩ። ሱፎቹ ልካቸው ለሆነ ሰዎች ተሰጡ፤ ቡናማው ለጂኦግራፊ መምህሩ ደረሰው።

ቅዳሜ ደረሰ። መነጽር ሠሪው ጋዜጣ ሳይገዛ መጣ፤ ከአማቱ ኋላ ሳይሆን አጠገባቸው ሶፋው ላይ ተቀመጠ። ሙዚቃው ጀመረ። ዝገቴ የት ይሆን? በመጀመሪያ የታየው ሠርግ ነው። ሁለቱ ተጋቢዎች ከዚህ በፊት ታይተው አያውቁም፤ ቦታውም ሌላ ዓለም ነው፣ ሰዎቹም ሐምራዊ ናቸው።

«መሀል ላይ ወደ ጨረቃዋ ይመልሱናል» አለ መነጽር ሠሪው።

«ይመልሱናል» አሉ አማትየው።

ሐምራዊዎቹ ጨፈሩ። የሙሽራዋ አባት ረጅም ንግግር አደረገ። አንድ ሐምራዊ ሽማግሌ ስለ ትዕግሥት ምሳሌ ተናገረ። ካፒቴኑ ብቅ ብሎ ከሙሽራው ጋር እጅ ተጨባበጠና ጠፋ። ስለ ጨረቃዋ አንድ ቃል የለም፣ ስለ ዝገቴ አንድ ቃል የለም። አለቀ።

ሁለቱም ባንድ ላይ ጀመሩ።

«ሠርግ?» አለ መነጽር ሠሪው። «ሰው አቧራ ላይ ትቶ ሠርግ?»

«መስመር ክፍት አድርጎ እየጠበቃቸው!» አሉ አማትየው።

«አንዱ እንኳ "ያ ልጅ እንዴት ሆኖ ይሆን" አይልም?»

«ካፒቴኑ ደግሞ ይጨባበጣል! ቆይ፣ ስልኩን አምጣልኝ!»

«እኔ ነኝ የማናግረው፣ ይስጡኝ!»

«አንተ ድምፁን ስትሰማ አቤት ጌታዬ ትላለህ!»

በሩ ተከፈተና ሚስትየው ገባች። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላለች። ባሏ ሶፋው ላይ ቆሟል፣ እናቷ ሪሞቱን እንደ ዱላ ይዘዋል፣ ሁለቱም ፊታቸው በርበሬ መስሏል። ስትሰማ ግን የሚጮኹት አንዳቸው በሌላቸው ላይ አልነበረም። ይህ አዲስ ነገር ነው። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም ተዘናጋችና፣ እንዲያው ለወግ ያህል፣ ጫማዋን እያወለቀች ጠየቀች።

«እሺ ግን ይሄ ዝገቴ የምትሉት ማነው?»

ሁለቱም ዞረው አዩዋት። መነጽር ሠሪው ከሶፋው ወርዶ ቦርሳዋን ተቀበላት። አማትየው በሶፋው መሀል ቦታ ለቀቁላት፣ ትራስ አስተካከሉላት።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ። «መርከቧ መጀመሪያ ከወደብ ስትነሳ…»

«ከዚያ በፊት መሐንዲሱ ቱቦውን ያበላሸው ይነገራት» አለ ባሏ።

«ቱቦው በኋላ ነው፤ አንተ ታደበላልቃለህ!»

ሚስትየው አንድ ጫማዋን እንዳደረገች መሀላቸው ተቀመጠች። አማትየው ከድራማው በፊት የጣዱት ሾርባ እስኪያርር ድረስ ገና ከወደቡ አልተነሡም ነበር።